«ፎርማት ይደረግ» ሲሏችሁ

የዛሬውን ጽሑፍ እንዳዘጋጅ ያነሣሣኝ በሥራ ምክንያት ወደ ምሥራቅ ጎጃም በሄድሁበት ጊዜ ሮብ ገበያ ላይ ያጋጠመኝ ጉዳይ ነው። ሮብ ገበያ ስሟ ራሱ የገበያ ቀኗን የሚናገር ከተማ ናት። እኔም የደረስሁት በዕለተ ረቡዕ ስለ ነበር፣ ከገበያው ግርግር ለማረፍ አንዲት የሥራ ባልደረባዬ ዘመድ ቤት ገብቼ ቡና እየጠጣሁ ሳለ፣ ጎረቤት የሆኑ አንዲት ወይዘሮ መጡና አጠገቤ ተቀመጡ። ዕድሜያቸው አርባ አምስት ዓመት ገደማ ይሆናል። «ጋዜጠኛ ናት» መባሌን ሰምተው ነው የመጡት።

ወይዘሮዋ ጥቂት ከተጫወቱ በኋላ የመቀነታቸውን ጫፍ ፈትተው ከደብተር በተቀደደ ወረቀት የተጠቀለለ ነገር አወጡ። ወረቀቱ ሲገለጥ ከአውራ ጣት ጥፍር የማትበልጥ ጥቁር ሚሞሪ ካርድ ናት።

«እታለም፣ የእናቴ ድምፅ እዚህ ውስጥ ነበር። አሁን አለ ይሉኛል፣ የለም ይሉኛል። አንቺ ታውቂው እንደሆነ ብዬ ነው» አሉኝ።

ታሪኩ እንዲህ ነው። በ2005 ዓ.ም. ታናሽ እኅታቸው ወደ ዐረብ አገር ለመሄድ በተነሣች ጊዜ፣ እናታቸው መንገደኛዋን ደጃፍ ላይ አቁመው ሲመርቋት፣ የወይዘሮዋ ልጅ በባለ ቁልፍ ስልኩ ድምፃቸውን ቀድቶት ነበር። እናትየው በ2011 ዓ.ም. ዐረፉ። እኅትየው ለቀብር አልደረሰችም። ስልኩም ከጊዜ ብዛት መስኮቱ ጠቁሮ አልሠራ አለ። ካርዷን አውጥተው በአዲስ ቶች ስልክ ውስጥ ቢከቷት፣ የፋይሉ ስም ይታያል እንጂ ሲነኩት አይከፈትም። ልጁ ፋይሉን ለአክስቱ በቴሌግራም ቢልክላትም እርሷም ዘንድ ስልኩ አልቀበልም አለ። «እማዬ ስትናገር ልሰማ ብዬ ሌሊቱን ሙሉ ስነካካው አደርሁ» ብላ መልእክት ላከችላቸው።

በመጨረሻም ወይዘሮዋ ካርዷን ይዘው ወደ አንድ ሞባይል ቤት ሄዱ። ልጁ አየት አደረገና፣ «ይኼ ፋይል ተበላሽቷል፤ ካርዱ ፎርማት ይደረግና ዘፈን ልጫንበት» አላቸው። እርሳቸውም የቃሉን ትርጉም ባለማወቃቸው ሊስማሙ ምንም አልቀራቸውም ነበር። ነገር ግን ልባቸው ጠርጥሮ «ፎርማት ሲደረግ የእናቴ ድምፅ ይመለሳል?» ብለው ጠየቁ። ልጁ ሣቀ። እርሳቸው ካርዳቸውን ተቀብለው ወጡ።

እናንተ አንባቢዎቼ፣ ያን ሣቅ ያልሰማን ማናችን ነን? በሞባይል ቤት፣ በፎቶ ኮፒ ቤት፣ አንዳንዴም በገዛ ልጆቻችን ፊት የሰማነው ሣቅ ነው። ወይዘሮዋ ግን የጠየቁት ጥያቄ ትክክለኛ ነበር። ልጁ ካርዷን ፎርማት አድርጎት ቢሆን ኖሮ ዛሬ ይህን ጽሑፍ የምጽፍበት ምክንያት ባልኖረ ነበር።

ግራ የሚያጋባው «ፎርማት» የሚለው አንድ ቃል ሁለት የተለያዩ ነገሮችን መጠሪያ መሆኑ ነው። አንደኛው የፋይል ዓይነት ማለት ነው፤ ድምፁ ወይም ጽሑፉ ወይም ፎቶግራፉ በምን ዓይነት አቀማመጥ እንደ ተቀመጠ የሚያመለክት ነው። «ፎርማቱ አይሆንም» የሚባለው ለዚህ ነው። ሁለተኛው ግን ካርድን ወይም ፍላሽን ጠርጎ እንደ አዲስ ማዘጋጀት ማለት ሲሆን፣ በዚያን ጊዜ በውስጡ ያለው ሁሉ ይሄዳል። ስለዚህ አንድ ሰው «ፎርማቱ አይሆንም» ቢላችሁ ችግሩ የሚፈታ ነው። «ፎርማት ይደረግ» ቢላችሁ ግን እጁን ያዙት። ስልኩ ራሱም ካርድ ሲገባበት «ፎርማት ላድርገው ወይ?» ብሎ የሚጠይቅበት ጊዜ አለ፤ ያኔም መልሳችሁ «አይሆንም» ይሁን። በኋላ ባለሙያ እየፈለገ መልሶ የሚያወጣበት ዘዴ ቢኖርም፣ ሁልጊዜ አይሳካም፤ ላዩ ላይ ዘፈን ከተጫነበት ደግሞ ተስፋው የመነመነ ነው።

ወደ ነገራችን እንመለስና፣ የወይዘሮዋ ልጅ አሁን የ12ኛ ክፍል ተማሪ ነው፤ ተጠርቶ መጣ። መጀመሪያ ያደረግነው ነገር ፋይሉን ከካርዷ ወደ ስልኩ፣ ከስልኩም ወደ እኔ ስልክ መቅዳት ነበር። ካርዷን ከዚያ በኋላ አልነካናትም። የፋይሉን ስም መጨረሻ ስንመለከት ከነጥቡ በኋላ «ኤ ኤም አር» የሚሉ ሦስት የላቲን ፊደሎች አሉበት። እኔ በዚያን ጊዜ ልቤ ቀለለኝ። ፋይሉ አልተበላሸም ነበር።

ኤ ኤም አር የሚባለው ለስልክ ንግግር ተብሎ የተዘጋጀ የድምፅ አቀማመጥ ነው። የሞባይል ስልክ ደንቦችን የሚያወጣው ዓለም አቀፍ ኅብረት እ.ኤ.አ. በ1999 የተቀበለው ሲሆን፣ በዚያ ዘመንና ከዚያም በኋላ የነበሩ ብዙ ባለ ቁልፍ ስልኮች ድምፅ ሲቀዱ በእርሱ ነበር የሚያስቀምጡት። ምክንያቱም በጣም ቆጣቢ ነው። በሙሉ ጥራቱ እንኳ የአንድ ደቂቃ ንግግር 100 ኪሎባይት አይሞላም። የእናትየው ምርቃት 4 ደቂቃ ገደማ ነው፤ ፋይሉ ወደ 380 ኪሎባይት ብቻ ነበር። ያንኑ ድምፅ ሁሉ ስልክ በሚያውቀው ኤም ፒ 3 በተለመደው የ128 ኪሎቢት መጠን ብናስቀምጠው ወደ 3.8 ሜጋባይት፣ ማለትም 10 እጥፍ ይሆናል።

ይህን ለወይዘሮዋ ለማስረዳት ስቸገር የረዳኝ የዕለቱ ገበያ ነው። ጤፍ በአቁማዳም፣ በስልቻም፣ በጆንያም ይመጣል፤ ጤፉ ያው ጤፍ ነው። አዲሱ ስልክ አቁማዳ መፍታት አያውቅበትም፣ ጆንያ ብቻ ነው የለመደው። ስለዚህ ጤፉን ከአቁማዳው ወደ ጆንያው ማዛወር ነው። ወይዘሮዋ ወዲያው ገባቸውና፣ «ታዲያ ሲያዛውሩት አይፈስም?» አሉ። ይፈሳል፤ እርሱን ከታች እመለስበታለሁ።

ልጁ በፊት ሞክሮት የነበረውን ዘዴም አጫወተኝ። የፋይሉን ስም መጨረሻ አጥፍቶ «ኤም ፒ 3» ብሎ ጽፎበት ነበር። ይህ ብዙ ሰው የሚሠራው ስሕተት ነው። ጆንያው ላይ «ስንዴ» ብሎ መጻፍ ጤፉን ስንዴ አያደርገውም። ስሙ ቢለወጥም ውስጡ አልተለወጠምና ስልኩ አሁንም አይከፍተውም፤ ይባስ ብሎ ትክክለኛ ስሙ የተረሳ እንደ ሆነ፣ በኋላ ሊረዳችሁ የሚመጣው ሰው ምን እንደ ሆነ ለማወቅ ይቸገራል።

አሁን እንግዲህ ዛሬ ልነግራችሁ ወደ ፈለግሁት መለወጫ ደረስን። በኢንተርኔት ላይ አንድን የፋይል ዓይነት ወደ ሌላ የሚለውጡ፣ ገንዘብ ሳይጠይቁ የሚሠሩ ገጾች አሉ። ከቀደምቶቹ አንዱ «ዛምዛር» ይባላል። እ.ኤ.አ. በ2006 በእንግሊዝ አገር ሁለት ወንድማማቾች የጀመሩት ሲሆን፣ ከ1000 በላይ የፋይል ዓይነቶችን እንደሚያውቅ ይገልጻል። ስሙ የመጣው ፍራንዝ ካፍካ እ.ኤ.አ. በ1915 ባሳተመው «ሜታሞርፎሲስ» በተባለው ድርሰት ውስጥ ካለው ግሬጎር ሳምሳ ከሚባለው ሰው ነው። ሰውየው አንድ ቀን ጧት ከእንቅልፉ ሲነቃ ነፍሳት ሆኖ ራሱን ያገኛል። ነገር መለዋወጥን ለማመልከት የተመረጠ ስም መሆኑ ነው፤ እኔ ብሆን ግን ደስ የሚል ለውጥ ያለበትን ታሪክ በመረጥሁ ነበር።

አሠራሩ ቀላል ነው። ገጹ ሲከፈት ፋይል ምረጡ ይላል፤ ከስልካችሁ ወይም ከኮምፒዩተራችሁ ትመርጣላችሁ። ቀጥሎ ወደ ምን ይለወጥ ይላል፤ ለድምፅ ኤም ፒ 3፣ ለቪዲዮ ኤም ፒ 4፣ ለፎቶግራፍ ጄፔግ፣ ለሚታተም ወረቀት ፒ ዲ ኤፍ ብትሉ በአብዛኛው ስልክ ላይ ይከፈታል። ከዚያ «ለውጥ» የሚለውን ትነካላችሁ፤ ሲያልቅ ደግሞ የተለወጠውን መልሳችሁ ታወርዳላችሁ። ሌላ ጥበብ የለበትም። ሮብ ገበያ ላይ ያስቸገረን ኔትዎርኩ ብቻ ነበር፤ ልጁ ስልኩን ይዞ ከግቢው በስተ ጀርባ ካለው ከፍ ያለ ቦታ ላይ ወጥቶ ቆመ። የፋይሉ ትንሽነት በጀን።

ድምፁ ተከፈተ።

መጀመሪያ የዶሮ ጩኸት ይሰማል፤ ቀጥሎ የሰዎች መተረማመስ፣ ከዚያም የአንዲት አሮጊት ድምፅ። ምርቃቱን እዚህ አልጽፈውም፤ የቤታቸው ነው። ነገር ግን መጨረሻው ላይ አሮጊቷ ስልኩን ጠጋ ብለው ሳይሆን አይቀርም፣ ድምፃቸው ጎላ ይልና፣ «ጨረሰ እንዴ ይኼ ነገር?» ይላሉ። ወይዘሮዋ እስከዚያች ድረስ ነጠላቸውን አፋቸው ላይ አድርገው ዝም ብለው ሲያዳምጡ ቆይተው፣ ይህን ሲሰሙ በዕንባቸው መካከል ሣቁ። ቤት ውስጥ የነበርነው ሁሉ ሣቅን፤ ቡናውም ቀዘቀዘ።

ከዚያ በኋላ ወይዘሮዋ አንድ ጥያቄ ጠየቁኝ። «እታለም፣ ያ ኢንተርኔት ላይ ያለው ሰውዬ የእናቴን ድምፅ ሰማው ማለት ነው?»

እውነቱን ለመናገር ይህን ጥያቄ ከእርሳቸው አልጠበቅሁም ነበር። ፎቶዬን፣ ወረቀቴን፣ የልጄን የልደት ምስክር ወረቀት ሳይቀር እንዲህ ወዳሉ ገጾች ስልክ ስኖር እኔ ራሴን ጠይቄው የማላውቅ ጥያቄ ነው። መልሱ እንዲህ ነው። የምንጠቀምበት መለወጫ ስልካችን ውስጥ አይደለም ያለው። ፋይላችን ከቤታችን ወጥቶ፣ በሌላ አገር ባለ ኮምፒዩተር ላይ ይቀመጥና እዚያ ይለወጣል። ከዚያ በኋላ ቅጂው ተመልሶ ይመጣል። ደህና የሚባሉት ድርጅቶች ፋይሉን ከተወሰነ ጊዜ በኋላ እንደሚያጠፉት በደንባቸው ላይ ይጽፋሉ፤ ሰው ተቀምጦ ያዳምጣል ማለትም አይደለም። ሆኖም የተላከው ነገር ከእጃችን ወጥቷል። ስለዚህ «አልሰማውም ብዬ እገምታለሁ፤ ልምልልዎ ግን አልችልም» አልኋቸው። ወይዘሮዋም ጥቂት አሰቡና፣ «ምርቃት እኮ ቢሰማውም አይጎዳውም» አሉ።

ምርቃት ሲሆን አይጎዳ ይሆናል። ነገር ግን የመሬት ይዞታ ማረጋገጫ ደብተር፣ ፓስፖርት፣ የፋይዳ መታወቂያ፣ የባንክ ደብተር፣ የሕክምና ውጤት፣ የፍቺ ውሳኔ፣ በባልና ሚስት መካከል ያለ ፎቶግራፍ፣ የሕፃናት ፎቶግራፍ፣ እነዚህ ሁሉ በነፃ ተለወጠልኝ ተብሎ ወደማይታወቅ ገጽ የሚላኩ አይደሉም። በአገራችን የግል መረጃ ጥበቃ አዋጅ ቁጥር 1321/2016 ወጥቷል፤ የሰው የግል መረጃ ያለ አግባብ እንዳይሰበሰብና እንዳይተላለፍ የሚደነግግ ነው። ይሁን እንጂ ፋይላችሁ የሄደው ባሕር ማዶ ወዳለ፣ ባለቤቱ ወደማይታወቅ ኮምፒዩተር ከሆነ፣ አዋጁን ይዛችሁ ማንን ትከሳላችሁ?

ይህ የእኔ ሥጋት ብቻ አይደለም። የአሜሪካ የፌዴራል ምርመራ ቢሮ የዴንቨር ቅርንጫፍ እ.ኤ.አ. በመጋቢት 2025 ባወጣው ማስጠንቀቂያ፣ አጭበርባሪዎች ነፃ የፋይል መለወጫ የሚመስሉ ገጾችን እየከፈቱ፣ የተለወጠው ፋይል ውስጥ ኮምፒዩተርን የሚያጠቃ ፕሮግራም እንደሚያስገቡና ከተላከላቸው ፋይል ውስጥም የባንክና የማንነት መረጃዎችን እንደሚለቅሙ ገልጾ ነበር። መለወጡን በትክክል ይለውጡታል፤ ሰው የማይጠረጥረውም ለዚህ ነው።

እኔም ቀምሼዋለሁ። ከጥቂት ዓመታት በፊት አንድ ስሙን የማልጠቅሰው ገጽ ላይ ፎቶ ልለውጥ ገብቼ፣ «አውርድ» የሚል ትልቅ አረንጓዴ ምልክት አየሁና ነካሁት። ለካስ ማስታወቂያ ኖሯል። እውነተኛው «አውርድ» ከሥሩ በትንሽ ፊደል ተጽፎ ነበር። ኮምፒዩተሬ በየደቂቃው የማይታወቅ ገጽ እየከፈተ አስቸግሮኝ፣ ባለቤቴ ሁለት ምሽት ሙሉ ሲያጸዳው ቆየ፤ እስካሁንም ባነሳው ቁጥር ያስታውሰኛል። ምክሬ ይህ ነው፤ መለወጫ የተባለ ገጽ መጀመሪያ «ይህን ፕሮግራም ጫን» ካላችሁ፣ ወይም የተመለሰላችሁ ፋይል እናንተ ከጠየቃችሁት ዓይነት ሌላ ከሆነ፣ አትክፈቱት።

ታዲያ የምስጢር ነገር ሲሆን ምን ይደረግ? መለወጫውን ወደ ቤታችሁ ማምጣት ነው። ለድምፅና ለቪዲዮ «ቪ ኤል ሲ» የሚባል ነፃ ፕሮግራም አለ። እ.ኤ.አ. በ1996 በፓሪስ የአንድ ኮሌጅ ተማሪዎች ለትምህርታቸው የጀመሩት ሥራ ሲሆን፣ እ.ኤ.አ. ከ2001 ወዲህ ማንም ሰው በነፃ እንዲጠቀምበት የተለቀቀ ነው። ኤ ኤም አርን ጨምሮ ሌላው የማይከፍተውን ብዙ ነገር ይከፍታል፤ በኮምፒዩተር ላይም ወደ ሌላ ዓይነት ይለውጣል። አንድ ጊዜ ከተጫነ በኋላ ኢንተርኔት አይፈልግም። በአማራ ክልል ከ2015 ዓ.ም. መጨረሻ ጀምሮ የሞባይል ኢንተርኔት ለብዙ ወራት ተቋርጦ እንደ ነበር ለምታስታውሱ አንባቢዎቻችን፣ የዚህን ጥቅም ማስረዳት አያስፈልገኝም። ለጽሑፍ ደግሞ «ሊብሬ ኦፊስ» የሚባለው ይኸንኑ አገልግሎት ይሰጣል። ሁለቱም ከሠሪዎቻቸው ገጽ ብቻ ይወርዱ፤ ወይም የምታምኑት ሰው በፍላሽ ያምጣላችሁ።

ስለ ጽሑፍ ካነሣሁ አይቀር፣ ለእኛ ለአማርኛ ተጠቃሚዎች አንድ ችግር አለ። የዕድር ወይም የማኅበር መተዳደሪያ ደንብ፣ የቆየ ቃለ ጉባኤ፣ የአባት ኑዛዜ ቅጂ፣ የተማሪነት የመመረቂያ ጽሑፍ ከፍላሽ ላይ ሲከፈት፣ በአማርኛው ፈንታ የላቲን ፊደልና ምልክት ተመሳቅሎ ይወጣል። ብዙዎች «ቫይረስ በላው» ብለው ያጠፉታል። አትቸኩሉ።

ነገሩ እንዲህ ነው። ኮምፒዩተር ፊደልን የሚያስቀምጠው በቁጥር ነው። የዓለም ቋንቋዎች ሁሉ የሚጠቀሙበት «ዩኒኮድ» የተባለው የጋራ መዝገብ የግዕዝን ፊደል የተቀበለው እ.ኤ.አ. በ1999 ሲሆን፣ ለምሳሌ «ሀ» በዚያ መዝገብ ላይ ቁጥሯ 4608 ነው። ከዚያ በፊት ግን፣ ከዚያም በኋላ ለብዙ ዓመታት፣ በየመሥሪያ ቤቱና በየጽሕፈት ቤቱ ይሠራባቸው የነበሩት እንደ ፓወር ግዕዝና ቪዥዋል ግዕዝ ያሉ ፕሮግራሞች፣ የአማርኛውን ፊደል በላቲኑ ፊደል ቦታ ላይ ያስቀምጡት ነበር። የላቲኑ ሠሌዳ 256 ቦታ ብቻ ሲኖረው የእኛ ፊደል ከነምልክቱ ከ300 በላይ ስለሆነ፣ እንዲህ ያሉት ፕሮግራሞች ቦታውን ለማብቃቃት ፊደሉን እየከፋፈሉ ያስቀምጡት ነበር። ስለዚህ ያንን ጽሑፍ ያ ፕሮግራም በሌለበት ኮምፒዩተር ላይ ስትከፍቱት የምታዩት ትርምስ፣ አማርኛው ጠፍቶ ሳይሆን ቁልፉ ስለሌለ ነው።

መፍትሔው ሁለት ነው። አንዱ፣ የድሮው ፕሮግራም ያለበት ኮምፒዩተር ፈልጎ ጽሑፉን በወረቀት ማተም ነው፤ የቆዩ ጽሕፈት ቤቶች ዘንድ አሁንም አይጠፋም። ሁለተኛው በኢንተርኔት ላይ ከድሮው ፊደል ወደ ዩኒኮድ በነፃ የሚለውጡ ገጾች መኖራቸው ነው። ጽሑፉን ገልብጣችሁ ታስገባላችሁ፣ የድሮውን ፕሮግራም ስም ትመርጣላችሁ፣ በአማርኛ ይወጣል። የትኛው ፕሮግራም እንደ ነበር ካላወቃችሁ ጽሑፉ ላይ የፊደሉ ዓይነት ስም ከላይ በኩል ይታያል። ነገር ግን ከተለወጠ በኋላ ከላይ እስከ ታች መነበብ አለበት። የሚሳሳተው ብዙውን ጊዜ ቁጥሩና የሰው ስም ነው። የዕድር ደንብ ላይ የመዋጮው ልክ አንድ ዜሮ ቢጎድልበት ምን ዓይነት ስብሰባ እንደሚያስነሣ ሳልነግራችሁ ታውቁታላችሁ። ኑዛዜና ውል ሲሆን ደግሞ፣ የተለወጠው ለማንበቢያ ብቻ ይሁን፤ የተፈረመበት ወረቀት ቦታውን አይለቅም።

የሠርግ ሲዲም ብዙ ጥያቄ የሚነሣበት ነው። በድሮዎቹ ቪ ሲ ዲዎች ውስጥ ቪዲዮው የተቀመጠበት ፋይል ስሙ «ዳት» በሚል ያልቃል፤ ማጫወቻው ከቤት ስለጠፋ ብቻ ሠርጋችሁ አልጠፋም። ሲዲ ማንበቢያ ባለው ኮምፒዩተር ወደ ፍላሽ ይገልበጥና በቪ ኤል ሲ ይከፈት። ሲዲው ከተጫረ በኋላ ግን የመለወጫ ነገር አይረዳውምና ሳይውል ሳያድር ይገልበጥ። ከውጭ አገር ዘመድ የሚልክላችሁና የማይከፈተው ፎቶግራፍ ደግሞ ብዙውን ጊዜ «ኤች ኢ አይ ሲ» የሚባለው ነው፤ አይፎን ስልክ እ.ኤ.አ. ከ2017 ወዲህ ፎቶ የሚያስቀምጥበት ዓይነት ነው። እዚህ መለወጥም አያስፈልግም። ላኪው በስልኩ ማስተካከያ ውስጥ፣ በካሜራው ሥር፣ ሁሉ የሚቀበለውን ዓይነት ይምረጥና ፎቶውን ከዚያ ወዲህ በዚያው ያንሣው።

አሁን «ሲያዛውሩት አይፈስም?» ወዳሉት ልመለስ። የስልክ ድምፅ በሴኮንድ 8,000 ጊዜ እየተለካ የሚቀመጥ ሲሆን፣ የሙዚቃ ሲዲ ግን 44,100 ጊዜ ነው። ስለዚህ ያ የ2005 ዓ.ም. ቅጂ ከመጀመሪያውም ጭልጥ ያለ ጥራት አልነበረውም፤ ኤም ፒ 3 ስለሆነ ደግሞ አይጠራም። ገለባ ያለበትን ጤፍ ጆንያ ቢለውጡለት ገለባው አብሮ ይሄዳል። እንዲያውም ኤም ፒ 3ም፣ ጄፔግም ቦታ የሚቆጥቡት ጥቂት ጥቂት እየቀነሱ በመሆኑ፣ የተለወጠውን እንደገና መለወጥ፣ ያንንም እንደገና መለወጥ ጤፍን ደጋግሞ እንደ ማበጠር ነው፤ በየጊዜው ትንሽ ፍሬ ይወድቃል። አንድ ጊዜ ለመለወጥ ምንም አይል። ዳግመኛ መለወጥ ያስፈለገ እንደ ሆነ ግን ከመጀመሪያው ፋይል ይጀመር። የመጀመሪያው ፋይል የማይጣለውም ለዚህ ነው፤ ዛሬ ባይከፈትም።

እነዚህን ሁሉ ለወይዘሮዋ ስነግራቸው ገበያው እየተፈታ ነበር። ልጃቸው የተለወጠውን ድምፅ ለአክስቱ ላከው። መልስ እስኪመጣ እንድቆይ ቢለምኑኝም መኪናው ጥሩምባ እየነፋ ስለ ነበር ተሰናብቼ ወጣሁ። ማታ ቢቸና አልጋ ከያዝሁ በኋላ ልጁ ደወለልኝ። አክስቱ ድምፁን ሰምታዋለች። ያለችው አንድ ነገር ብቻ ነው አለኝ፤ «ያቺን ‹ጨረሰ እንዴ› ያለችውን ቆርጣችሁ እንዳታወጡብኝ።»

እናቱ ደግሞ ካርዷን መልሰው በዚያው በደብተር ወረቀት ጠቅልለው መቀነታቸው ጫፍ ላይ ቋጥረዋታል አለኝ። ድምፁ አሁን በሦስት ስልክ ላይ እንዳለ ቢነግራቸውም አልፈቱትም።